በገዛ ቤቴ አድራሻ አጣሁ

የእኔ አንድ ተራ ቀን ስንት ያወጣ እንደነበር ልንገራችሁ። ከሰፈራችን እስከ አስፋልቱ ባጃጅ። ከአስፋልቱ እስከ ኢንተርኔት ቤቱ በእግር፤ በክረምት ከሆነ ጫማዬን ለማጠብ የሚሄደው ውሃ ሳይቆጠር። ለኢንተርኔት ቤቱ በደቂቃ የሚታሰብ ክፍያ። መብራት ከጠፋ ደግሞ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ስለሆነ የማዝዘው፣ ያልፈለግሁት ሻይ። ይህ ሁሉ የኪስ ነው፤ ይረሳል። የማይረሳው ልጄ ሰፍያ ናት። ለጎረቤቴ ለትዕግስት ትቻት እሄዳለሁ። ትዕግስት አንድም ቀን ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። ግን ስመለስ ሰፍያ እኔን አይታ ትዕግስት ቀሚስ ስር ትደበቃለች። ይኼን በየትኛው ሂሳብ ልደምረው?

ይህ ሁሉ ወጪ አንድ ፋይል ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ነበር።

ስሜ ባሂራ ነው። ተወልጄ ያደግሁትም ያገባሁትም ቡታጅራ ነው። መሰናዶ ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን ነጥብ ለጥቂት አጣሁት። ያን ጊዜ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ቃል ነበር፤ «በቃ»። በቃ ሞክረሻል፤ በቃ አሁን አግቢ። አገባሁ። ባሌ ሀቢቡ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው፤ በእሱ አልተጸጸትኩም። ግን ያገባሁት «በቃ» ስላሉኝ አልነበረም። ሰፍያ በሆዴ እያለች የኮምፒውተር ጽሕፈት ተማርኩ። አስተማሪው «ወንበሩ ይመችሻል ወይ?» እያለ ሲጨነቅ እኔ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ እጨርስ ነበር።

ሥራዬ ይኼ ነው። አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ያላት ወርቅውሃ የምትባል ሴት አለች። የኮሌጅ መምህራን በእጃቸው የጻፉትን የርቀት ትምህርት ሞጁል በአውቶቡስ ትልክልኛለች፤ እኔ በኮምፒውተር ጽፌ፣ ሥዕሉንና ሰንጠረዡን አስገብቼ፣ በኢሜይል እመልስላታለሁ። የመምህራኑን የእጅ ጽሑፍ ያያችሁ እንደሆነ ታዝኑልኛላችሁ። አንዳንዱ የሐኪም ወንድም ነው።

እቁብ ሲደርሰኝ ሴቶቹ «ምን ልትገዢ ነው?» አሉኝ። «ያገለገለ ላፕቶፕና ራውተር» ስላቸው አንዷ «ራውተር ይበላል?» አለች። «ያበላል» አልኳት። የባሌ ሟች አባት ያስገቡት የቤት ስልክ ነበረን፤ በዚያው መስመር ላይ ኢንተርኔት ተቀጠለልን። የዚያን ቀን ሰፍያን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ፋይል ከቤቴ ላክሁ። ባጃጅ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ሻይ የለ። ሰፍያ በክርኗ አንዱን ቁልፍ ተጭና ከስሜ ቀጥሎ ረጅም የነጥብ ሰልፍ ስለጨመረችበት ወርቅውሃ «ይኼ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደስታ ነው» ብዬ መለስኩላት።

ራውተሩን የገጠመልን ከድሮ የሚባል፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው። ሲገጥም ያስረዳኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ይህ ሳጥን» አለኝ፣ «ለሚመጣው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ አንዳንድ ቁጥር ያድላል። አይፒ አድራሻ ይሉታል። ቁጥር ያገኘ ይገባል። ያላገኘ ፓስወርዱን ቢያውቅም በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ለመሆኑ ስንት ናችሁ እዚህ ቤት?»

«አራት» አሉት አማቴ አሚኔ፣ የሀቢቡ እናት፣ ከእኔ ቀድመው። ሰፍያንም ቆጥረዋት ነው።

«እንግዲያው አስር ቁጥር እንዲያድል አድርጌዋለሁ። ለእንግዳም ይተርፋል። ከዚያ በላይ ሰው ከገባበት ይንቀራፈፍባችኋል።»

ፓስወርዱን የቤቱን ስልክ ቁጥር አደረግነው፤ እንዳይረሳ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ጋ ይመስለኛል። የቤታችንን ስልክ ቁጥር የማያውቅ የአካባቢያችን፣ የመስቃን ሰው የለም። ለማያውቀው ደግሞ አማቴ አሉለት። እሳቸው የሚይዙት ባትሪ መብራት ያላትን ተራ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ጉዳያቸውም አይደለም። ግን ደጃፋችን የቆመ ባጃጅ ነጂ «እማማ፣ ዋይፋይ አላችሁ አሉ?» ካለ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ቁጥሩን እንደ ዱዓ ያወርዱለታል።

«እማ፣ ይኼ እኮ የሥራ ነው» ስላቸው «ውሃ የጠየቀን ሰው ውሃ ትከለክያለሽ?» ይሉኛል።

«ውሃ አይደለም።»

«አይታይም፣ አይጎድልም፣ ሁሉም ይፈልገዋል። ታዲያ ከውሃ በምን ተለየ?»

በደህናው ቀን ደግሞ ምንም አልጎደለብኝም።

ከዚያ የ2008 መስከረም መጣ። በዚያ ዓመት አረፋና መስቀል በአንድ ሳምንት ገጠሙ፤ አረፋው ሐሙስ፣ መስቀሉ ሰኞ። ጉራጌ ለእነዚህ ሁለት በዓላት ከያለበት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ለእናንተ አልነግራችሁም። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሲገባ ቡታጅራ ምን እንደምትመስል ግን አስቡት። መናኸሪያው ከመኪና ይልቅ ሻንጣ ይበዛው ነበር። እኛ ቤት የሀቢቡ ታላቅ ወንድም ከማሉ ከነቤተሰቡ ከመርካቶ መጣ። እህቶቹ ከነባሎቻቸው መጡ። የአጎት ልጆች መጡ። ሁሉም አማቴን ስመው፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንኳን አደረሳችሁ» ብለው፣ ገና ጫማ ሳያወልቁ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። አማቴም ይነግሯቸዋል።

ወርቅውሃ የደወለችው እንግዳው መግባት በጀመረበት ሰሞን ነው።

«ባሂራ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለችኝ። «አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ ‹ክፍለ አገር ያለ ሰው አይታመንም፤ ዛሬ መብራት የለም፣ ነገ ኔትወርክ የለም ነው› እያለ አስቸገረኝ። ከመስቀል በፊት ማተም አለብን። ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት ሞጁሉ እጄ ከገባ የዓመቱን ሥራ በሙሉ ላንቺ እሰጣለሁ። ካልገባ ግን እዚሁ ፒያሳ አንዲት ልጅ አለች፤ ለእሷ እሰጣለሁ።»

«ልጅቷን በከንቱ አታስቸግሪያት» አልኳት። «ረቡዕ እጅሽ ይገባል።»

የዓመቱ ሥራ ማለት ሰፍያ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች ማለት ነው። ከዚያ በላይ ግን «አይታመንም» የሚለው ቃል አቃጠለኝ። ሰውየው ቡታጅራን ያየው በመኪና መስኮት ይሆናል።

ረቡዕ ማለት ደግሞ የሴት አረፋ ነው። ለማታውቁት፣ በእኛ ዘንድ ከዋናው አረፋ በፊት ያለው ቀን የሴቶች ነው። ወንዶቹ በሬ የሚጥሉት በማግስቱ ነው። በዋዜማው ግን እናቶች ስንት ወር ያጠራቀሙትን ቂቤ ያወጣሉ፤ በቂቤና በአይብ የራሰ አተካና የሚባል የቆጮ ምግብ ተሠርቶ ቤተሰቡ ሁሉ ይበላል፤ በዚያ ቀን ምስጋናው ለሴቶቹ ነው። እኔም ከጠዋት ጀምሮ አንድ እግሬ ማድቤት፣ አንድ እግሬ ላፕቶፑ ጋ ነበር። የመጨረሻውን ሰንጠረዥ ስጨርስ ጣቶቼን በሻሽ ጠርጌ ነው፤ ሞጁሉ በቂቤ ቢሸት የእኔ ጥፋት ነው።

ለመላክ ተቀመጥኩ። ላፕቶፑ በዋይፋዩ ምልክት ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አወጣ። ጠበቅሁ። ቢጫው አልሄደም። ስልኬን አነሳሁ፤ «የአይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ…» ይላል። ሦስቱ ነጥቦች መጨረሻ የላቸውም። በማግኘት ላይ፣ በማግኘት ላይ፣ ያገኘው ነገር የለም።

ሀቢቡን ጠራሁት። አየና «በዓል ነው፤ መስመሩ ተጨናንቆ ይሆናል» አለኝ።

ይህን እንዳለ ከበረንዳው የከማሉ ድምፅ መጣ። «ኧረ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው! ጎሉን ተመልከቱት! ቡታጅራ ከመርካቶ በለጠች እኮ!»

ሀቢቡ እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። መስመሩ ደህና ነበር። ደህና ያልነበረው የእኔ ነው።

ራውተሩን አጠፋሁና አበራሁት፤ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው። ግን ያገለገለ ላፕቶፕ እስኪነቃ ያዛጋል። እሱ ዓይኑን እስኪያሽ የእንግዶቹ ስልክ ሁሉ እንደ መናኸሪያ ተሳፋሪ ተጋፍቶ ገባ። ደግሜ አጠፋሁት። ከበረንዳው «ኧረ ማነው የሚነካካው!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ሲበራ ደግሞ ያው ሆነ። ገመድ ሰካሁ። ገመዱም ቁጥር የሚጠይቀው ያንኑ ሳጥን ነው፤ ቢጫው እንዳለ ቀረ። በሞባይል ዳታ ሞከርኩ። ፋይሉ በሥዕል የከበደ ነው፤ ጥቂት ሄዶ ቆመ። ሀቢቡን ወደ ኢንተርኔት ቤት ላክሁት፤ ባለቤቱ ዘግቶ እንሴኖ ወላጆቹ ጋ ሄዷል።

ያኔ ከድሮ ጋ ደወልኩ። እሱም መስቃን ገጠር አባቱ ቤት ገብቶ ነበር። ከጀርባው በሬ ያገሳል።

«ከድሮ፣ አይፒ አድራሻ አላገኝም።»

«ማነው እሱ? ጮክ በይ፣ በሬው ነው!»

«አይፒ! ቁጥሩን! አይሰጠኝም!»

«ስንት እንግዳ አላችሁ?»

በመስኮት አየሁ። በረንዳው ላይ ያሉት፣ ዛፉ ስር ያሉት፣ በግቢው በር አፍ የቆሙት። ከአጥሩ ውጭም የባጃጅ ነጂዎች አንገት ተደፍቶ ይታያል። «አላህ ይወቀው» አልኩት።

ሳቀ። «አለቀ በያ! አስሩም ተይዟል። ደግሞ ትናንት መጥቶ የሄደውም ሰው ቢሆን ቁጥሩ ቶሎ አይለቀቅም፤ ሳጥኑ ‹ይመለስ ይሆናል› ብሎ ይዞለት ይቆያል።»

አስቡት። የሄደ እንግዳ ሰሃን ተከድኖለት፣ የቤቷ ሰው ቆማለች። ያ ሳጥን ከአማቴ ተምሮ መሆን አለበት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ፓስወርዱን ቀይሪውና አጥፍተሽ አብሪው። ሁሉም ይወጣል፣ አንቺ ብቻ ትገቢያለሽ። ለመቀየር ግን አሁን የገባ ስልክ ያስፈልግሻል፤ በእሱ የራውተሩን ገጽ ትከፍቻለሽ፤ የምትጽፊውን እነግርሻለሁ። ግን…»

«ግን ምን?»

«በአረፋ እንግዳ ማስወጣት ነው እንግዲህ። እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትናገሪ።»

መጀመሪያ ለመንኩ። ይህን እወቁልኝ፤ መጀመሪያ ለምኛለሁ። በረንዳው ላይ ወጥቼ «ጋሼ ከማሉ፣ ሁላችሁም፣ እባካችሁ ለጥቂት ጊዜ ዋይፋዩን አጥፉልኝ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ የምልከው የሥራ ፋይል አለኝ» አልኩ።

«ምን ይዘሽ ነው ባሂራዬ? መንግሥት ልትገለብጪ ነው?» አለ ከማሉ። ሁሉም ሳቁ።

«የሰው ሥራ ነው።»

«በሴት አረፋ ሥራ? ተይው፣ ዛሬ ቂቤ ብቻ ነው የሚሠራው። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ኔት እኮ እንደ ጀፎረ ነው፤ የሁሉም ነው። ጀፎረ ላይ ‹ተነሱልኝ› ይባላል?»

ጀፎረ በአገራችን ከቤቶች ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊው የመንደር ሜዳ መንገድ ነው። ማንም አያጥረውም፤ የሁሉም ነው፤ እውነቱን ነው።

«ጀፎረ ላይ ይታለፋል እንጂ አይተኛበትም፣ ጋሼ ከማሉ» አልኩት።

«ይቺ ልጅ መልስ አላት!» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። «እሺ፣ ይቺ የጨዋታው አጋማሽ ትለቅ።»

ሁለቱ የአጎት ልጆች ሰምተውኝ ስልካቸውን ዘጉ፤ አላህ ይስጣቸው። ግን ሳጥኑ ቁጥራቸውን ይዞላቸው ስለቆየ ለእኔ ምንም አልመጣም። ሀቢቡ እጄን ይዞ ጓዳ አስገባኝ።

«በእናትሽ ባሂራ፣ ዛሬ አታሳፍሪኝ። ለሴትየዋ ደውዪና ከበዓል በኋላ እልካለሁ በያት።»

«ሀቢቡ፣ የሱቅህ በር ላይ ዘመድህ ተቀምጦ ደንበኛ መግቢያ ቢያጣ ምን ትለዋለህ?»

ወደ በረንዳው ዞረ።

«ወንበር ወዲያ ሳብ አድርግልኝ ትለዋለህ። አታባርረውም። ግን ደንበኛህንም አታሳልፍም።»

«ሱቅና ይኼ አንድ ነው?»

«እሱን ነው የጠየቅኩህ። አንድ ነው ወይስ አይደለም?»

አንገቱን አቀረቀረ። አልተቆጣኝም፤ አልፈቀደልኝምም። እኔም አልጠበቅኩትም።

በጓሮ በኩል ወጥቼ ትዕግስትን ጠራኋት። ትዕግስት ጴንጤ ናት፤ መስቀልንም አረፋንም ከእኛ ጋር ስትበላ የኖረች ጎረቤት። ስልኳ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ የእኛን ዋይፋይ እንደሚጠቀም አውቃለሁ፤ ፓስወርዱን የሰጧት አማቴ ናቸዋ።

«ስልክሽን ስጪኝ። ሁሉንም ላስወጣቸው ነው።»

«የእኔንም?»

«ያንቺንም።»

ስልኳን አየችው፤ መዝሙር እያወረደች ነበር። «እንግዲያው ቶሎ በይ፣ ሳልጸጸት» ብላ ሰጠችኝ።

ከድሮ በበሬው መሃል እየጮኸ የነገረኝን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ገጹ ተከፈተ። የድሮውን ፓስወርድ አጠፋሁ፣ አዲስ አስገባሁ። ከዚያ ገብቼ ራውተሩን ነቀልኩት። መልሼ ሰካሁት።

መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ። እንዲህ ያለ ጸጥታ እንግዳው ከገባ ጀምሮ አልሰማሁም ነበር። ከዚያ ከዛፉ ስር «ጠፋ!» አለ አንዱ። «የእኔም!» «ፓስወርድ ትክክል አይደለም ይላል!» ከአጥሩ ውጭ ደግሞ «እማማ! ኧረ እማማ! ዋይፋዩ ሞተ!»

ላፕቶፔ እያዛጋ ነቃ። አዲሱን ፓስወርድ ጻፍኩለት። ቢጫዋ ሦስት ማዕዘን መጣች፣ ቆመች፣ ሄደች። ቁጥር አገኘሁ። በገዛ ቤቴ።

ፋይሉን አያይዤ «ላክ» የሚለውን ስጫን ከማሉ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላው ሌሎቹ።

«ባሂራ! ምን ነካሽው?»

«ፓስወርዱን ቀየርኩት፣ ጋሼ ከማሉ።»

«በስህተት ነው?»

«አይ። አውቄ ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔን ከወንድሜ ቤት አስወጣሽኝ ማለት ነዋ?»

«ከቤቱ ማንም አላስወጣህም። ምግቡ ያንተ ነው፣ አልጋው ያንተ ነው፣ ልጄ እንኳ ጭንህ ላይ ነው የዋለችው። እኔ የወሰድኩት አንድ ቁጥር ነው። ነገ የእናንተ አረፋ ነው፤ በሬውም ቢላዋውም የእናንተ ነው። ዛሬ የሴት አረፋ ነው። ዛሬ እኔ ነኝ።»

አማቴ እጃቸው እስከ ክርን በቂቤ እንደተለወሰ ከማድቤት መጡ። «ምንድነው ጩኸቱ?»

«እማ፣ ኔቱን ዘጋችብን!» አለ ከማሉ፤ ያ ሁሉ ነጋዴ እንደ ሕፃን።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አዲሱ ቁጥር ስንት ነው?»

«ፋይሉ እስኪሄድ አልናገርም፣ እማ።»

«ለእኔም?»

«ይልቁንም ለእርስዎ። እርስዎ የጠየቀዎትን አይከለክሉም።»

አማቴን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ሀቢቡ ከጓዳው በር ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። አማቴ መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ከዚያ ላፕቶፑን፤ ከዚያ ቂቤ የጠጣ እጃቸውን።

«አያቶቻችን ይህን ቀን ያቆዩልን ለዚህ ሳጥን ነው እንዴ!» አሉ። ከዚያ በርጩማ በእግራቸው ሳቡና በሩ ላይ፣ በትክክል መሃሉ ላይ ተቀመጡ። ማንም እንዳያልፍ። «ስንት ይቀረዋል?»

«ግማሽ ገደማ፣ እማ።»

«እንግዲህ እኔ ወልቂጤ አክስቴ ጋ ሄጄ ነው የማርፈው!» አለ ከማሉ።

«ሂድ ልጄ» አሉት ሳይዞሩ። «በሬው ግን እዚሁ ነው የሚታረደው።»

መጀመሪያ የሳቀችው የከማሉ ሚስት ናት። ሌሎቹ ተከተሏት። ከማሉ ግን አልሳቀም። በረንዳው ላይ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

ፋይሉ ከግማሽ አልፎ ትንሽ ቆመና ነፍሴን አወጣት። ከዚያ ቀጠለ። «ተልኳል» ሲል ድምፅ አላወጣሁም። አማቴ ግን ትከሻዬን አይተው አወቁና ተነስተው ወደ አተካናቸው ሄዱ።

ወርቅውሃ ወዲያው ደወለች። «ደርሶኛል። ገና ሰዓቱም አልሞላ። ለሰውዬውም አሳየሁት። የሚቀጥለውን ዛሬውኑ በአውቶቡስ ልላክልሽ?»

አንድ ዓመት ሙሉ ለእሷ «እሺ» ብቻ ስል ነው የኖርኩት። «ዛሬ የሴት አረፋ ነው» አልኳት። «ነገ አረፋ ነው። ሰኞ መስቀል ነው፤ ትዕግስት ቤት ክትፎ አለብኝ። ማክሰኞ ላኪልኝ።»

«ማክሰኞ» አለች።

አዲሱን ፓስወርድ ለሁሉም ነገርኳቸው። መጀመሪያ ለትዕግስት፣ ቀጥሎ ለከማሉ። ከማሉ ሲጽፈው አላየኝም። በማግስቱ ከበሬው ጥሩውን ቦታ መርጦ ለሰፍያ ሲቆርጥላት ግን አይቻለሁ፤ ለእኔም ተረፈኝ። እስከ ዛሬ ሲደውል «የባሂራ ኬላ ተከፍቷል?» ይለኛል። ይበል። ኬላም ቢሆን የእኔ ነው።

ከበዓሉ በኋላ ከድሮ መጣና ሳጥኑ የሚያድለውን ቁጥር አበዛው። ከሁሉም በፊት ያለውን አንዱን ደግሞ ለላፕቶፔ ለብቻው አስቀመጠልኝ፤ መንደሩ ሁሉ ቢገባ ለማንም አይሰጥም። አማቴ ዛሬም ፓስወርዱን ለጠየቃቸው ሁሉ ይናገራሉ። ግን አሁን መጨረሻው ላይ «አንዷ ቁጥር የምራቴ ናት» ብለው ይጨምሩበታል። ባጃጅ ነጂዎቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ አይገባቸውም። እኔ ይገባኛል። ሰፍያም መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች፤ ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ «እማዬ» የምትለው እኔን ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ለአረፋም ሆነ ለመስቀል አገራችሁ ስትገቡ፣ ቡታጅራም ይሁን ወልቂጤ ወይም ጉንችሬ፣ የተከፈተ ቤት ታገኛላችሁ፤ ፓስወርዱም ይነገራችኋል። ከመጻፋችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ «በዚህ መስመር የሚሠራው ማነው?» በሉ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ወጥታ «ለጥቂት ጊዜ ልቀቁልኝ» ስትላችሁ ደግሞ ጎሉን ልይ አትበሏት። ስልካችሁን ከዋይፋዩ አውጡላት፤ ፋይሏ እስኪሄድ ብቻ።